የእቴቴ ግቢ፦ በድሬዳዋ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስላለ የእንስሳት መጠለያ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የሚተርከው በድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር ስለሚገኝ አንድ ግቢ ነው። የግቢው እመቤት ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ያሳደጓት አክስቷ ካረፉ በኋላ ቤቱን ለተጎዱና ለተጣሉ እንስሳት ከፈተችው። እኔ ከሐረማያ የተመረቅሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ቤቱንም የማውቀው በሕክምናው በኩል ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የምነግራቸው የዚህን ግቢ ታሪክ ስለሆነ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ፈለግሁ። ፈቃዷን ስጠይቃት «ስሜን ተወው፤ የሆነውን ግን አንዱንም አትተው» አለችኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአክስትየው ነው። ልጅቱም ሰፈሩም እቴቴ ይሏቸዋል። በቀፊራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲቸረችሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ወደ ቀፊራ ከዙሪያው ገጠር አህያ ጭኖ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ማገዶ፣ ከሰል፣ እንደ ወቅቱም ፍራፍሬ ይመጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ጭነቱ የተራገፈለት አህያ ባለቤቱ ሸጦና ገዝቶ እስኪመለስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እቴቴ ደጃፋቸው ላይ የሲሚንቶ ገንዳ አሠርተው ነበር። በየማለዳው ሳይሞሉት ወደ ገበያ አይወጡም፤ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን እንኳ ለቤት ከተቀዳው በርሜል ቀንሰው ይሞሉት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ፣ ባለቤቶቻቸው የጠፉባቸው ውሾችና ፍየሎች በየመንደሩ ይንከራተቱ ነበር። እቴቴ ደጃፋቸው ላይ ማብላት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ በዚያን ወቅት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ቅዳሜና እሑድ ደረቅ እንጀራ በመረቅ እያራሰች ታቀርብላቸው እንደነበር ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ እቴቴ ልማዱን አልተዉትም። ጥቂት ዓመታት በስኳር ሕመም ሲዳከሙ ቆይተው አረፉ።

አርባቸው በወጣ ሰሞን ባጃጅ የገጨው ውሻ ገንዳው ሥር ተኝቶ ተገኘ። ልጅቱ አስገባችው፤ እግሩን አሰርነው፤ ዳነ። ሁለተኛው በገመድ ታንቆ የቆሰለ ቡችላ ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ፤ ሰዎች ድመት የሞላበት ካርቶን በሌሊት በሩ ላይ አስቀምጠው መሄድ ጀመሩ። ልጅቱ ለእያንዳንዱ እንስሳ ራሷን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እቴቴ ብትኖር ትመልሰው ነበር?» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ በሩ ለማንም አይዘጋም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግቢው 23 ውሾች፣ 14 ድመቶች፣ ሁለት አህዮችና በጫት ገራባ ያደገች አንዲት ፍየል ያዘ። ደመወዟ በወሩ አጋማሽ ያልቃል። ወንድሟ ቤቱን ሊጠይቅ መምጣት ተወ።

በዚያን ጊዜ ግቢው ምን ይመስል እንደነበር ሳልሸፋፍን ልናገር። ፍቅር አልጎደለም፤ እንስሳቱ ስሟን ሰምተው የሚሮጡላት ናቸው። የጎደለው ሥርዓት ነበር። ለምሳሌ መኖውን እንውሰድ። የግመል ሥጋ የሚሸጡ ሥጋ ቤቶች ሳንባና ጉበት በነፃ ይሰጧት ነበር፤ እሷም ለውሾቹ ጥሬውን ትጥልላቸዋለች። በግመል፣ በበሬና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል እብጠት ያየ ሰው ብዙ ነው። ይህ ኢኪኖኮከስ የተባለ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ፣ በአትክልት፣ በውኃ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚያበቅለው እብጠት ዓመታት ቆይቶ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር አዘዝሁ፦ የሆድ ዕቃው ሁሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቀቀል፣ ውሾቹም በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት እንዲወስዱ። ይህን በዚያው ሳምንት ጀመረች። በትልቅ ብረት ድስት፣ በከሰል፣ ከተሰባበረ ሩዝ ጋር ትቀቅለዋለች፤ አጥንቱን ግን አውጥታ ትጥላለች፤ የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና።

ቀጣዩን ምክሬን ግን አልተቀበለችም። አዲስ የሚገባ እንስሳ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ 14 ቀን ለብቻው መቆየት አለበት። ለዚህ የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ የራሱ በር ያለው፣ ለቧንቧ የቀረበ ክፍል ያስፈልጋል። በግቢው እንዲህ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእቴቴ መኝታ ቤት ነው። አልጋቸው እንደተነጠፈ ነበር። ነጠላቸው ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጦቻቸው ሳይቀሩ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። ልጅቱ በየሳምንቱ አቧራውን ጠርጋ መልሳ ትቆልፈዋለች። «ሌላ የፈለግኸውን ልሥራ፤ ያንን ክፍል ግን አትጠይቀኝ» አለችኝ። እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ፤ ሐዘን ላይ ያለን ሰው በክርክር ማሸነፍ ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ።

ክረምቱ ሲገባ አራት ቡችሎች በካርቶን ተጥለው ተገኙ፤ ከሌሎቹ ቡችሎች ጋር በረንዳው ላይ አደሩ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው አስመለሰ፤ ማግስቱን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ። ሽታው ራሱ ሐኪምን ያስጠረጥራል፤ ፓርቮ ነበር። ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ወደ ውሻ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ የአንጀትን ሽፋን ያፈርሳል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጨርሳል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የምንሠራው የፈሰሰውን ውኃና ጨው በደም ሥር እየተካን ሰውነቱ ራሱን እስኪያድን ማቆየት ነው። የቡችላ ቆዳ በጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ ውኃው አልቋል ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ልጅቱ የማታ እንቅልፍ አላየችም፤ የግሉኮስና የሪንገር ጠርሙስ በኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እየሰቀለች ጠብታውን ትቆጥር ነበር። ከ11 ቡችሎች ሰባቱ ሞቱ። በጣም የጎዳት ግን ነባሮቹ ቡችሎች በእንግዶቹ ምክንያት መሞታቸው ነው።

ያ ሐዘን ሳይበርድ የእቴቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ደረሰ። ከቀፊራ አብረዋቸው ሲቸረችሩ የኖሩ እናቶች መጡ። ቡና ሲጠጣ አንደኛዋ ግቢውን ዘወር ዘወር ብለው አዩና ልጅቱን ጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ እቴቴሽ እኮ ከሁለት ውሻ በላይ ግቢዋ አድሮ አያውቅም። አብልታ፣ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥባ፣ ሂድ ትለዋለች። የማልችለውን አስገብቼ ባስርበው ኃጢአቱ የኔ ነው ትል ነበር።» ሌላዋ ቀጠሉ፦ «የዳነውን ለዘበኞቹ ነበር የምትሰጠው። የመጋዘኖቹ ዘበኞች ማታ ማታ ውሻ ይፈልጋሉ፤ እሷ እያማረጠች ታስረክባለች። የማይሆነውን ዘበኛ አትሰጠውም!»

ልጅቱ ይህን አታውቅም ነበር። በዚያን ዘመን ኮሌጅ ነበረች፤ ከዚያም ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ቆየች። «እኔ ያየሁት ስታበላ ነው፤ ስትሸኝ አላየሁም» አለችኝ። እኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው እላለሁ። ልጅቱ በእቴቴ ስም ትሠራ የነበረው እቴቴ ያልሠሩትን ሥራ ነው። ደግነታቸውን ወስዳ ልካቸውን አልወሰደችም፤ ልካቸውን የሚያውቁት ደግሞ ገበያው ውስጥ ያሉ ሴቶች ነበሩ። የሞተን ሰው በአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ማስታወስ ጎዶሎ ይሆናል። ዘመድን ለማሰብ ብሎ ሥራ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ዘመዱን ከሚያውቁት ሌሎች ሰዎች ዘንድ ሄዶ እንዲጠይቅ የምመክረው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ክፍሉን የከፈተችው በዚያው ወር ነው። አልጋውን ለአንዲት የገበያ እናት ሰጠች፤ ነጠላውን ለራሷ አስቀረች፤ መድኃኒቶቹን አስወገደች። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ፓርቮ በጥላ ባለ አፈር ውስጥ ወራትን አልፎ ከዓመት በላይ መቆየት ይችላል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ እሱም ቆሻሻው በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠበ በኋላ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ወለሉ ላይ ሲቆይ ነው። በረኪናን ቆሻሻ ላይ ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው። የበረንዳው አፈር ግን በበረኪና አይነጻም፤ ስለዚህ ክትባታቸውን ያልጨረሱ ቡችሎች ከዚያ በኋላ በረንዳውን እንዳይረግጡ ተከለከለ። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል፤ አንዱን መርፌ ወግቶ ጨረስሁ የሚል ሰው ገንዘቡን ጥሏል። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው የራሱ ጫማና ሽርጥ አለው፤ ነባሮቹን አብልቶ ይጨርስና አዲሶቹን በመጨረሻ ያያል። ቁጥሩም ተወሰነ፦ ስምንት ውሾች፣ ስድስት ድመቶች። ዘጠነኛው ውሻ የሚገባው አንዱ ሲወጣ ነው። እስከዚያ በደጃፍ ይታከማል፣ ይበላል።

የመውጫው መንገድ እቴቴ የተጠቀሙበት ራሱ ሆነ፤ ዘበኞች። ልጅቱ ከቀፊራ ጀምራ ያሉትን መጋዘኖች እየዞረች አነጋገረች። ውሻው ከመሰጠቱ በፊት ይኮላሻል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ማሰሪያ ይደረግለታል። ድመቶቹን የወሰዱት በአብዛኛው እህል ነጋዴዎች ናቸው። ሴት ድመት በአራትና በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ሳያኮላሹ መስጠት ካርቶኑን ለመጪው ዓመት ማዘጋጀት ነው።

ከጎረቤት ጋር የነበረው ነገር ሰፊ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ዋናውን ብቻ ነው። አጥሩን የሚጋሩት አዛውንት ሐጂ ናቸው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ አብዛኛው ሙስሊም በሚከተለው በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱም በአፈር ነው። ሐጂ ለሱብሂ (የንጋት) ሶላት ታጥበው ሲወጡ ውሾቹ እየዘለሉ ይቀበሏቸው ነበር። ቅሬታ ይዘው ሲመጡ ልጅቱ ውሾቹን አስወጪ የሚሏት መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ግን «የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምንዳውን እኛም እናውቃለን፤ የኔ ጥያቄ ልብሴን እንዳይነኩኝ ነው» አሏት። ከዋናው በር በስተውስጥ ሁለተኛ የሽቦ በር ተሠራ፤ ውሾቹ የሚወጡት ወደ መስጊድ የሄደው ሰው ከተመለሰ በኋላ ሆነ፤ የውሾቹ የውኃ ሳፋም ከአህዮቹ ገንዳ ተለየ። ወጪውን ሐጂ ከፊሉን ሸፈኑ። ሰውን ብዙውን ጊዜ የሚያጣላው ነገር ይህን ያህል ጠባብ ነው፤ ይህን ለማወቅ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከባዱ ቀን ሌላ ነበር። ያልተከተበ አዲስ ውሻ የጎረቤት ልጅ እጅ ነከሰ። ልጅቱ ያደረገችውን ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፦ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበች። ከዚያ ልጁን ከነእናቱ ይዛ ወደ ጤና ተቋም ሄደች፤ የመጀመሪያው ተቋም ክትባቱ የለኝም ቢላት ሳትመለስ ሌላ ፈልጋ አስጀመረችው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ክትባቱን ሳያቋርጥ ይፈልግ እላለሁ። ውሻው አልተገደለም፤ በእቴቴ ክፍል ለ10 ቀን ታስሮ ክትትል ተደረገለት። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ኖሮ ቢሆን በነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞት ነበር። ጤነኛ ሆኖ ወጣ፤ የልጁም እናት አሥር ሌሊት የያዛት ጭንቀት ለቀቃት።

ሌላው ጉዳት ከውጭ የመጣ ነው። አንድ ሌሊት በሰፈሩ መንገድ ላይ የተመረዘ ሥጋ ተጣለ። ማን እንደጣለው አልጽፍም። ከመጋዘኑ ዘበኛ ጋር የነበረው፣ ማሰሪያ ያለውና የተከተበው ውሻ እየተንቀጠቀጠ በሩ ላይ ደረሰ። መርዙ ስትሪክኒን ሲሆን ጡንቻ ሁሉ ይገተራል፤ ድምፅና ንክኪ መንቀጥቀጡን ይቀሰቅሳል። ወተት ማጠጣት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ፣ በፍጥነትም መንቀጥቀጡን የሚያስታግሰው ዲያዜፓም ነው። ሞተ። እኔን የሚያናድደኝ ጭካኔው ብቻ አይደለም። በአንድ ሰፈር ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ የተከተበውን መርዞ መግደል ግን ቦታውን ላልተከተበ ውሻ ማስረከብ ነው። መርዙ ድመቱንም፣ ጅቡንም፣ ጥንብ አንሳውንም አይለይም። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ የተከተቡ ውሾችን ዝርዝር ለሚመለከታቸው የሰፈሩ ኃላፊዎች አስቀድማ ትሰጣለች።

ስለ አህዮቹ ሳልናገር ብቀር ጽሑፉ ይጎድላል። ሁለቱ አብረው ማገዶ ሲሸከሙ የኖሩ ነበሩ፤ ኩርታናቸው ሳስቶ ገመዱ ጀርባቸውን በልቶት ነው የተተዉት። በአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው እየተጨመረ ቁስላቸው ሲታጠብ ሁለቱም ደረቁ። በኋላ አንደኛው በዋጠው ፌስታል ሆዱ ታስሮ ሞተ። ጎረቤቶች በድኑ በሙቀቱ እንዳይሸት ቶሎ ይነሣ ሲሉ፣ የቀረው አህያ ቀርቦ እንዲያየውና እንዲያሸተው ጊዜ ስጡት አልሁ። አህያ ከጓደኛው ጋር ጥብቅ ቁርኝት አለው፤ ድንገት ሲለየው መብላት ሊያቆም ይችላል። አህያ ሲጾም ደግሞ በሰውነቱ ያለው ስብ ወደ ደሙ ይጎርፋል፤ ጉበቱን ያበላሻል፤ በጥቂት ቀናትም ሊገድለው ይችላል። አህያው በድኑን እየዞረ አሸተተ፣ በአፉ ገፋው፣ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ራሱ ፈቀቅ አለ። ሁለት ቀን በቅጡ አልበላም። ልጅቱ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች በስኳር የራሰ ፉርሽካና ሙዝ በእጇ አቀረበችለት። በሦስተኛው ቀን ከእጇ ተቀበለ። አሁን የሚውለው ከፍየሏ ጋር ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ከወንድሟ ጋር የነበረው ጠብ ስለ ሙት ዓመቱ ነበር። እሷ የድግሱን ገንዘብ ለእንስሳቱ ማዋል ፈለገች፤ እሱ ለእቴቴ ነፍስ የሚደረገው ለድሃ ነው አለ። የንስሐ አባታቸው ለወንድሟ ፈረዱ፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰፈሩ የእቴቴን መታሰቢያ ከነዳያን ወስደው ለውሻ ሰጡት ብሎ ቢያስብ የግቢው በር በሐዘኔታ መታየቱ ያበቃ ነበር። አሁን የዝክሩ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ በእሱም ቀፊራ አካባቢ የሚለምኑ ሰዎች ይበላሉ። የእንስሳቱ ወጪ በሌላ ደብተር ነው፤ ከደመወዟ የተወሰነ ድርሻ፣ ዘበኞቹ ውሻ ሲረከቡ መጋዘኖቹ ለክትባት የሚከፍሉት፣ ሐጂና ሁለት ነጋዴዎች በየወሩ የሚያዋጡት። ደብተሩን የሚመረምረው ወንድሟ ነው። መምጣት የጀመረው ሒሳቡን ሊመረምር ብሎ ነው፤ አሁን ግን የድስቱን ከሰል የሚያነደው እሱ ነው።

ያልተፈቱ ነገሮች አሉ። በግንቦት ውኃ ሲጠፋ በርሜል መግዛት የደብተሩን ግማሽ ይበላል። የአባላዘር እጢ (ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር) የያዛት አንዲት ውሻ በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት መውሰድ ቢኖርባትም መድኃኒቱ አንዳንዴ ሳምንት ዘግይቶ ይገኛል። ልጅቱ ብትታመም ወይም ከከተማ ብትወጣ ማን ይተካት የሚለውን ደግሞ በቅርቡ በጽሑፍ አስፍረዋል። ወንድሟ ስለ መኖው፣ የሐጂ የልጅ ልጅ ስለ ገንዳው ፈርመዋል። ስለ ሕክምናው ክፍል እኔ ፈርሜያለሁ፤ እኔ በሌለሁ ጊዜ የሚተካኝ ሐኪም ግን ገና አልተገኘም።